መስማት ከተሳናቸው ጎረቤቶች ጋር ስትኖሩ እነዚህን አታድርጉ

ጅማ በተከራየሁበት ግቢ መስማት የተሳናቸው አራት ወጣቶች አብረው ይኖራሉ። ቡና የምንጠጣው አንድ ላይ ነው። ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻለሁ።

„ተወው፣ ምንም አይደለም“ ማለት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቡና ላይ አንዱ ጨዋታ ያመጣል፣ እንስቃለን። ከእነሱ አንዷ „ምንድን ነው?“ ብላ በእጇ ትጠይቃለች። „ቆይ፣ እነግርሻለሁ“ እንላታለን፤ ከዚያ እንረሳዋለን። አንድ ቀን ቶናው ሳይደርስ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። በማግስቱ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ፤ ቤተሰቦቿ ዘንድም ያደገችው „ቆይ“ እየተባለች ነው። ወሬው ተራ ቢሆንም እዚያው ንገሯቸው።

መጮህ። ድምፅ አይደርሳቸውም፤ ፊታችን ግን የተቆጣ ይመስላል። በምልክት ቋንቋ ደግሞ ፊትም ይናገራል።

„ጻፍለት፣ ይገባዋል“ ብሎ መገላገል። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው አለው። ጅማ ላይ ደግሞ የብዙዎቹ ቤተሰብ የሚያወራው ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ለአንዳንዱ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ይልቅ ጥቂት ምልክቶችን ተማሩ። ለስም የጣት ፊደል አለ፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 7 ድምፆች ያሳያል። ስሜን በጣቶቼ የጻፍኩ ቀን አራቱም እጃቸውን አየር ላይ እያርገበገቡ አጨበጨቡልኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ሰውየው እያለ አብሮት ያለውን መጠየቅ። ጤና ጣቢያ አንዱን ሸኝቼ „ምን ያመዋል?“ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። አስተርጓሚ ቢኖርም ዓይናችሁ ታማሚው ላይ ይሁን።

ሁለት ሰዎች በምልክት ሲያወሩ መሀል ላይ መቆም። ማለፍ ካለባችሁ ቶሎ እለፉ፣ ያ በቂ ነው።

ከኋላ ሄዶ መጎተት። ያስደነግጣል። ትከሻ በቀስታ ንኩ፣ ወይም የክፍሉን መብራት አንዴ አጥፍታችሁ አብሩ።

መብራት ሲሄድ እነሱን መርሳት። እኛ በጨለማም እናወራለን፤ የእነሱ ወሬ ግን እዚያው ይቋረጣል። ሻማ ወይም የስልክ ባትሪ ቶሎ አብሩ። ብርሃኑ ከጀርባቸው ሳይሆን ፊታቸውና እጃቸው ላይ ይረፍ። እኛ ግቢ አሁን የመጀመሪያው ሻማ የሚቀመጠው በእነሱ በኩል ነው።