ሬድ ድራጎን ኢን ላይ ማንን ልምረጥ?

መጠጥ ቤት ውስጥ እየጠጡና ቁማር እየተጫወቱ የሚፎካከሩ ጀግኖችን የምትሆኑበትን የካርድ ጨዋታ፣ ሬድ ድራጎን ኢንን፣ ልትጫወቱ ከሆነ፣ ገጸ ባሕሪ ስትመርጡ ሥዕሉን ብቻ አይታችሁ አትቸኩሉ። እያንዳንዱ የራሱ 40 ካርድ አለው፤ ጠባዩም ያለው እዚያው ካርዱ ውስጥ ነው።

ለጀማሪ ካህኗ ዲርድሬን እመርጣለሁ። ጥንካሬያችሁ ከ20 ወደ ታች፣ ስካራችሁ ደግሞ ከ0 ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሁለቱ የተገናኙ ቀን አለቀላችሁ፣ ስለዚህ ጥንካሬዋን መልሳ የምትሞላ ሰው ብዙ ስህተት ትሸፍንላችኋለች። ቡጢ የሚጥማችሁ ከሆነ ፊዮና አለች። እሷን ለማስረዳት ብዙ ወሬ አያስፈልግም።

ሌባው ጌርኪ ግን ሌላ ነው። ቁማሩ ላይ ሁሉም መደቡን አስይዞ አሸነፍኩ ሲል፣ አንዲት የማጭበርበሪያ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርግና ወርቁን ጠራርጎ ይወስዳል። ወርቅ ያለቀበት ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ ይባረራል! እኔ ጌርኪን የምይዘው ሦስት ወይም አራት ሆነን ስንጫወት ነው፤ ለሁለት ከሆነ ቁማሩ ላይ የሚዘረፍ ሰው ስለሚያንስ ያን ያህል አይመቸኝም። ጠንቋዩ ዞትን ከነጥንቸሉ ለሳቅ ያዙት። ብዙ ጊዜ ተሸንፌበታለሁ፣ ግን አሁንም አልተውኩትም።