ነጭ ዓሣን በደሴ ቤት ውስጥ ማኖር

በአዋሽና በዓባይ ተፋሰስ ወንዞች የሚገኘው፣ በጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ የሚባለው ላቤኦባርበስ፣ ማሞቂያ ሳያስፈልገው በደጋ ቤት ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው። ይሁን እንጂ እስከ ግማሽ ሜትር ገደማ ሊያድግ ስለሚችል፣ ጫጩቱን ከማምጣት አስቀድሞ የአዋቂውን ቦታ ማሰናዳት ይገባል። ለጥቂት ጫጩቶች 300 ሊትር ለጊዜው ይበቃል፤ ላደጉት ግን ርዝመቱ ከ2 ሜትር የማያንስ፣ ከ1,000 ሊትር በላይ የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል። ይህ ውኃ ብቻውን ከአንድ ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ በጣውላ ወለል ላይ ማሰብም አይገባም።

ዋናው ጉዳይ ኦክስጅን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በደሴ ከፍታ የሚይዘው 7 ተኩል ገደማ ነው፤ ወደ 25 ዲግሪ ከሞቀ ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። ስለዚህ ለዚህ ዓሣ ማሞቂያ መግዛት ገንዘብ አውጥቶ ትንፋሹን እንደ መቀነስ ነው። ገንዘቡ የውኃውን ገጽ ዘወትር ለሚያናውጥ ጠንካራ ፓምፕ፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ ለሚሠራ ባለባትሪ የአየር ፓምፕ ቢውል ይሻላል። ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ገንዳው ፀሐይ ከማይገባበት ግድግዳ ሥር ይቀመጥ።

ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብለው ስለሚባዙ፣ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ከስድስት ሳምንት በላይ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ማጣሪያውን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውኃ ማጠብ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ይለቅለቅ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉ ውኃ ሲቀየር፣ አዲሱ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት በርሜል ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት።

ለወለሉ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ይስማማል፤ ከቦርከና የሚያመጣ ሰው ግን ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በላይ ካለው ክፍል ይልቀም። ጠጠሩ ላይ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብ አረፋ ከወጣ ኖራ አለበት ማለት ነውና ይተው።

ዓሣው ያገኘውን ሁሉ በሊታ ነው፦ የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ የተቀቀለ አተርና ሰላጣ ይወዳል። እንጀራና ዳቦ ግን ውኃውን ያበላሻሉና አይሰጡም። ሲደነግጥ ከፍ ብሎ ስለሚዘል፣ ገንዳው አየር በሚያስገባ ከባድ ክዳን ይሸፈን። ዓሣው ቦታው ቢጠበው ወደ ግቢ የሲሚንቶ ገንዳ ይዛወር እንጂ ሐይቅ ውስጥ አይለቀቅ፤ በደሴ አቅራቢያ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የተባለው ሐይቅ መውጫ ስለሌለው የገባበት ባዕድ ዝርያ እዚያው ተራብቶ ሊቀር ይችላል።