በሳውዝ ዳኮታ ሣር ምድር ከውሻ ጋር ወፍ ማደን፦ ከውሃው ጀሪካን እስከ ጥብሱ

እኛ ለመስቀል ደመራ በምንዘጋጅበት ሰሞን በአሜሪካዋ ሳውዝ ዳኮታ ስቴት ውስጥ የግራውስ አደን ይከፈታል፤ ቀኑ የሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ግራውስ ከቆቅ ጋር ከአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ እንደ ቆቅ መሬት ለመሬት የሚኖርና ሲደነግጥ ብር ብሎ የሚነሳ ወፍ ነው። ከፒየር ከተማ በስተደቡብ፣ በ83 አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋው ፎርት ፒየር ናሽናል ግራስላንድ 116 ሺህ ኤከር ገደማ ስፋት ያለው የሕዝብ መሬት ሲሆን ሁለቱ የግራውስ ዓይነቶች፣ ሻርፕቴሉም ፕሬይሪ ቺክኑም፣ እዚያው ይገኛሉ። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባት ከሱ ፎልስ ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ዛፍ የለውም፣ ጥላ የለውም፣ ነፋሱም አይተኛም።

እዚያ ሄዶ ባዶ እጅ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ተኩስ ስለማይችል አይደለም። ውሻው በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ስለሚተኛበት ነው። መዳፉ ተልጦ፣ ሙቀት መትቶት ወይም ሹል የሣር ፍሬ ጆሮው ገብቶ። ስለዚህ ዝግጅቱን ከጠመንጃው ሳይሆን ከውሻው ጀምሩ።

ከጉዞው በፊት ያሉት ስምንት ሳምንታት

ዓመቱን ሙሉ የሳሎን ምንጣፍና የጓሮ ሣር ብቻ የረገጠ ውሻ ፕሬይሪው (ሣር ምድሩ) ላይ በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ልቡ ቢችለው እንኳ መዳፉ አይችለውም። በሳምንት አራት ቀን ከ20 ደቂቃ ሩጫ ጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አድርሱት። ከሩጫው ከፊሉ በጠጠር መንገድ ላይ ይሁን፤ መዳፍ የሚጠነክረው በሸካራ መሬት ብቻ ነው። ጥፍሩን ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ቁረጡ። ዋዜማ ላይ የተቆረጠ ጥፍር ከደማ ጉዞው ላይ ያነክሰዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን መኪና ውስጥ አስቀምጡ። ፒየር ያለ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥርም በወረቀት ጻፉ፤ በየሸለቆው ስልክ አይሠራም።

ፈቃዱ ላይ ብዙ አንቆይም። የነዋሪና የእንግዳ ፈቃድ ይለያያል፤ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ሰው የትንንሽ አራዊት ፈቃድ በሁለት የአምስት አምስት ቀን ክፍል ይሰጣል፤ ከፈቃዱ ጋር ሃቢታት ስታምፕ የሚባለው የአራዊት መኖሪያ ክፍያም ይገዛል። በቀን የሚፈቀደው ሁለቱ ዓይነት ተደምሮ 3 ወፍ ነው፤ ተኩስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ድረስ ነው። የዓመቱን የደንብ መጽሐፍ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ለእኛ ሰው አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ ሊይዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለን ሰው ግን የፌዴራሉ ሕግ በመርህ ደረጃ ይከለክለዋል፤ በስቴት የተሰጠ የጸና የአደን ፈቃድ ሲኖረው ነው ልዩነት የሚደረግለት። ያለ ፈቃድ የሰው ጠመንጃ ተቀብሎ መተኮስ ቀላል ጥፋት እንዳይመስላችሁ።

ውሃና ሙቀት

በመስከረም ሌሊቱ 5 ዲግሪ ሆኖ ያደረ ቦታ ከሰዓት በኋላ 30 ሊገባ ይችላል። ሙቀቱ 21 ዲግሪ ሲያልፍ ውሻውን ወደ መኪናው መልሱ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ያለው ጊዜ የእረፍት ነው። ለአንድ ውሻ በመኪና ቢያንስ 20 ሊትር ያዙ፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሊትሩ ጀርባችሁ ላይ ይሁን። በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት አጠጡት። እስኪጠማው ጠብቆ አንድ ሊትር በአንድ ጊዜ የጠጣ ውሻ ያስመልሰዋል።

ለከብት ተብሎ የተገደበ ኩሬ ሁሉ ለውሻ አይሆንም። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውሃ መርዛማ አልጌ ሊኖረው ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ውሻ ይገድላል። ከዚያ መጠጣት ብቻ ሳይሆን መዋኘትም የለበትም፤ ሲወጣ ፀጉሩን ይልሳልና።

ሙቀት ሲመታው ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ምላሱ ይረዝምና ጫፉ እንደ አካፋ ይሰፋል፣ ድዱ ደም ይመስላል፣ ስትጠሩት እያየ አይመጣም፣ ከዚያ ኋላ እግሩ ይንገዳገዳል። እዚህ ላይ ሲደርስ ተሸክማችሁ ጥላ አድርጉለትና መላ አካሉን፣ በተለይ ሆዱንና ብብቱን፣ በውሃ አርሱ፤ በባርኔጣም ቢሆን አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፎጣው ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍንበታል። የሰውነቱ ሙቀት ከ41 በላይ ከሆነ አደጋ ነው። ወደ 39 ተኩል ሲወርድ ውሃውን አቁሙ፤ ካለዚያ ከልክ በላይ ይበርደዋል። ተነስቶ ቢራመድም ሐኪም ይየው፤ የኩላሊት ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ዋናውን ምግብ ማታ፣ ውሻው ካረፈ በኋላ ስጡት። ጠዋት ጠግቦ የሮጠ ውሻ ጨጓራው ሊዞርበት ይችላል፤ ይህ ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። እኩለ ቀን ላይ አንድ እፍኝ ይበቃዋል።

ድንኳኑ

ፎርት ፒየር አካባቢ ያለው አፈር እንደ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ አምስት ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለበት ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪናን ያቆማል። ደመና ካያችሁ ከዋናው የጠጠር መንገድ 200 ሜትር በማይርቅ ቦታ ስፈሩ። ከዘነበ እስኪደርቅ አትንቀሳቀሱ፤ መንገዱን ማረስ ነውርም ጥፋትም ነው። መኪና የሚቆመው ሣሩ አጭር በሆነበት ነው፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ረጅም ደረቅ ሣር ላይ ካረፈ ቃጠሎ ይነሳል፣ በዚያ ነፋስም ማንም አያጠፋውም። በዚሁ ምክንያት እንጨት አታንድዱ። በቡታጋዝ፣ ነፋሱን በመኪናው በር ከልላችሁ፣ ጀበናም ምግብም ይሠራል።

ድንኳኑን ጀርባውን ለነፋስ፣ በሩን ለተቃራኒው አድርጋችሁ ትከሉ። ከድንኳኑ ጋር የመጣው ቀጭን ካስማ አያዋጣም፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ካስማ ግዙና ወደ ውጭ አዘንብላችሁ በመዶሻ ምቱት፤ ገመዶቹን ሁሉ ወጥሩ። ውሻው በሳጥኑ ውስጥ፣ መኪና ላይ ይደር፤ ሌሊት ኮዮቴ (ቀበሮ መሰል አውሬ) ሲጮህ ድንኳን ቀዶ የወጣ ውሻ ጠዋት አይገኝም። የከብት በር ክፍት ካገኛችሁት ክፍት፣ ዝግ ካገኛችሁት ዝግ አድርጋችሁ እለፉ።

አደኑ

ጠዋት ወፎቹ ከአደሩበት ሣር ወጥተው አጭር ሣር ያለበት ጉብታና አልፋልፋ ማሳ ዳር ይለቅማሉ። ፀሐይ ሲጠነክር በኮረብታው ጥላማ ጎን ቁጥቋጦ ሥር ይጠለላሉ። የኮረብታውን የላይኛውን ሲሶ ይዛችሁ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበላችሁ ሂዱ፤ ጠረኑ ወደ ውሻው የሚመጣው ያኔ ነው። የመኪና በር ሲዘጋ እንዳይጮህ፤ በዚያ ጸጥታ ድምፁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ወፍ እንደጣላችሁ ጉሮሮው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በቢላ ክፈቱ። ፌንጣ ከሞላው ሣር ላይ ነው የዋለው። ቀይ ፍሬ ካገኛችሁ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ነው፤ የኛ ቀጋ ዘመድ ነው፣ ፍሬውም ይመሳሰላል። የሱፍ ፍሬ ከሆነ ደግሞ አቅራቢያው ማሳ አለ። የቀረውን ቀን ያንን ምግብ ፈልጉ። ከዚህ የተሻለ መሪ የለም።

ውሻው ወፍ ሸትቶ፣ በአፍንጫው ጠቁሞ ሲቆም ከኋላው አትምጡበት፤ ግፊት ተሰምቶት ወደፊት ይዘላል። በጎን ዞራችሁ፣ እያያችሁ፣ ሳትሮጡ ወደ ፊቱ እለፉ። ወፎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሱም፤ አምስቱ ከሄዱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ይቀራሉ፣ ጀማሪ የሚያመልጠው ይህ ነው። እንደተኮሳችሁ ባላችሁበት ቆማችሁ ወዲያው ጥይት ጨምሩ።

12 ወይም 20 ጌጅ (የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ) ሾትጋን፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር የሚባለው ፍሬውን በሰፊው የሚበትን ቾክ (የአፈሙዝ ጫፍ ማጥበቢያ)፣ ቁጥር 6 የእርሳስ ፍሬ በቂ ነው። ለውሃ ወፎች በተከለሉ የፌዴራል መሬቶችና በስቴቱ የአደን ስፍራዎች የእርሳስ ጥይት ስለሚከለከል የብረት ጥይት ብቻ መያዝ ጭንቀት ይቀንሳል፤ ብረት ቀላል ስለሆነ ፍሬውን በሁለት ቁጥር ተለቅ አድርጉ፣ ማለትም ቁጥር 4፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። ከ35 ሜትር በላይ አትተኩሱ። ከወፉ ሥር ሰማይ ካልታያችሁም አትተኩሱ፤ ዝቅ ብሎ በሚበር ወፍ ሥር ውሻ አለ። ሽቦ ስትሻገሩ ጠመንጃው ባዶ ይሁን።

ሻርፕቴል ነጭና ሹል ጭራ፣ ደረቱ ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለ ምልክት አለው፤ ሲነሳም ኩክ ኩክ እያለ ይጮኻል። ፕሬይሪ ቺክን አጭርና ጠቆር ያለ ጭራ አለው፤ ሰውነቱ ሁሉ በአግድም የተሰመረ ነው። ረጅም ጭራ ያላት ቡናማ ወፍ ሴት ፌዛንት (ሌላ የአደን ወፍ) ናት፤ መቼም ቢሆን አትገደልም። የመታችሁት ወፍ የወደቀበትን ሣር ከዓይናችሁ አታውጡ፤ እዚያው ደርሳችሁ ቆብ ጣሉና ውሻውን ከነፋስ በታች አስገቡት።

በየመመለሻው የሚደረግ ፍተሻ

ማታ ሳይሆን ውሻው መኪና በደረሰ ቁጥር ጣቶቹን መካከል፣ ጆሮውን፣ የዓይኑን ሽፋን ሥር፣ ብብቱንና ድዱን በጣት ዳስሱ። ሹሉ የሣር ፍሬ ጠጉሩ ወደ ኋላ ስለሆነ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ቆዳ ከገባ እስከ ሳንባ ይጓዛል። በድንገት ደጋግሞ ካነጠሰ አፍንጫው ውስጥ፣ ራሱን ካራገፈ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ሐኪም ያውጣው። ዓይኑን በንጹሕ የጨው ውሃ እጠቡ።

የጃርት እሾህ ከወጋው በፒንሳ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። መቁረጥ እሾሁን ያሳጥረዋል እንጂ አያላላውም። አፉ ውስጥና ዓይኑ አጠገብ ያለውን አትንኩ። እባብ ከነደፈው ማሰርም፣ መብጣትም፣ በረዶም አያስፈልግም፤ ተሸክማችሁ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ስካንክ (የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ ትንሽ አውሬ) ከረጨው አንድ ሊትር ገደማ ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና ቀላቅላችሁ እሹት፤ ዓይኑን አታስነኩ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አለቅልቁት። የተረፈውን ድፉ፤ ጠርሙስ ውስጥ ከተዘጋበት ይፈነዳል። የሰው የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ይሁን ፓራሲታሞል፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ሥጋው

በሙቀት ወፉን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆዱን ክፈቱና አቀዝቅዙ። በረዶው በላስቲክ ይለይ፤ ሥጋው ውሃ ውስጥ ከተነከረ ይነጣል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። ዓይነቱ እንዲታወቅ አንድ ክንፉን ከነላባው ተዉት። የግራውስ ደረት ጥቁርና ስብ የሌለው ስለሆነ እንደ ዶሮ ረጅም ጊዜ ቢቀቀል ይደርቃል። በቀጭኑ ተከትፎ በቅቤ፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል፣ በኃይለኛ እሳት ለአራት ደቂቃ ያህል፣ ውስጡ እስኪበስል ድረስ ይጠበሳል። እግሩ ግን ጅማታም ነው፤ እሱን ለወጥ አስቀምጡት። ድስቱ ሲያልቅ ውሻው አጠገባችሁ ተቀምጦ ያያችኋል፤ መረቁን እንኳ አትስጡት፤ ሽንኩርት የበሰለም ቢሆን ቀይ የደም ሴሉን ይሰብርበታል። ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ከተቆረጠው ሥጋ ሁለት ጉርሻ ለብቻ አብስላችሁ አስቀምጡለት።