የሰፈር የክራር ክፍል ሲከፈት፦ መጀመሪያ ቅኝቱ

በሰፈር ሙዚቃ ለማስተማር የሚነሳ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ስንት ክራር እንደሚገዛ ነው። ቀድሞ መወሰን ያለበት ግን የክፍሉ መነሻ ድምፅ ነው። 10 ተማሪዎች ባለ 6 ክር ክራር ይዘው ሲቀመጡ የሚቃኘው 60 ክር ነው። ሁሉም በየራሱ መነሻ ከቃኘ የአንድ ሰዓቱ ትምህርት ግማሹ በመቃኘት ያልቃል፤ አብሮ መጫወትም አይኖርም። ዶን መነሻ አድርጉና ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉት። ልጆቹ አብረው ሲዘፍኑ ድምፁ ዝቅ ካለባቸው መነሻው ወደ ሬ ይነሳል፣ ግን የሁሉም አንድ ላይ።

ለጀማሪ የጊታር ዓይነት መቃኛ ያለው ክራር ይሻላል። ክሩ በጨርቅ ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት) ላይ የሚጠመጠመው ያምራል፣ የ9 ዓመት ልጅ ጣት ግን አይችለውም። ቀጭኑ ክር ቶሎ ስለሚበጠስ መለዋወጫ ስትገዙ እሱን አብዙት።

ስትቃኙ ክሩን ከሚፈለገው ድምፅ በታች አላልታችሁ፣ ከዚያ እያጠበቃችሁ ድረሱበት። ከላይ እየለቀቁ የደረሱበት ድምፅ ሁለቴ ሲገረፍ ይወርዳል፤ መቃኛው ላይ የቀረው ልል ክር ስለሚሳብ ነው። አዲስ የናይለን ክርም ለጥቂት ቀናት ይለጠጣል፤ መሃሉን ይዛችሁ ሳብ ሳብ አድርጉትና ደግማችሁ ቃኙት።

አንድ ክር ብቻ ከወረደ መቃኛውን ወይም ክሩን እዩ። ሁሉም አብረው ከወረዱ ጉዳዩ የቆዳው ነው። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ብርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ዝቅ ይላል፣ ክሮቹም አብረው ይረግባሉ። ይደርቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ መስቀል ይበቃል።

አሁን ወደ ቅኝቶቹ፣ ማለትም ክሮቹ የሚቃኙባቸው የድምፅ ስልቶች። ቅደም ተከተሉ ክር ያድናል። በትዝታ ሜጀር ጀምሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ 6ኛው ክር ደግሞ ከፍተኛው ዶ። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ሬን በግማሽ አውርዳችሁ፣ ዝቅ ያለውን ሚ ወደ ፋ ስታነሱት አምባሰል ላይ ናችሁ። ከአምባሰል ደግሞ ሶል በግማሽ ወርዶ፣ ዝቅ ያለው ላ በግማሽ ሲነሳ አንቺ ሆዬ ይመጣል። በየደረጃው የሚነካው ሁለት ክር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ዶዎች አይነኩም። አንቺ ሆዬ ላይ ግን የስልክ መቃኛ መተግበሪያ የሚለው ብቻ አይበቃም፤ ጥሩ የክራር ተጫዋች እየሰሙ ጆሮ ቢፈርድ ይሻላል።

ባቲን ለመጨረሻ አቆዩት። ከትዝታ ማይነር ወደ ባቲ ማይነር (ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ) ለመሄድ ሦስት ክር ወደ ላይ ይጠብቃል፤ ክር የሚበጠሰውም እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ክራር ካለ ለባቲ ብቻ ቃኝታችሁ ተዉት።