አሮጌ ሃይሉክስ ላይ የቪቪቲ-አይ ሞተር እንዴት ይገጠማል?

ባለ ካርቡራተር 22አር ሞተር የያዘ አሮጌ ሃይሉክስ አሸዋ ጭኖ ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊት ዳገት ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያቃስታል። ጥፋቱ የእርጅና ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ 95 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የነበረው 22አር፣ እዚህ 80 እንኳን አይሞላም። 2ቲአር-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 2694 ሲሲ የቪቪቲ-አይ ሞተር ግን 160 ገደማ ስላለው ተቀንሶለትም 130 አካባቢ ይተርፈዋል። በዚያ ላይ ቪቪቲ-አይ የሚባለው ሥርዓት የማስገቢያ ቫልቮቹን መክፈቻ ሰዓት እንደ ዙሩና እንደ ጭነቱ ስለሚያስቀድምና ስለሚያዘገይ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይጎትታል።

ሞተሩን አንስቶ ማስቀመጡ የሁለት ቀን ሥራ ነው። መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ለወራት የሚያስተኛው ሌላ ነው፦ ያልተገዛ ኮምፒውተር፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ የጠፋ ቁልፍ። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ግዢው ላይ ነው።

ምን ምን አብሮ መገዛት አለበት

ሞተር ብቻ አትግዙ። ኮምፒውተሩ፣ ሳይቆረጥ የወጣ ሙሉ የሞተር ሽቦ፣ ቁልፉና የቁልፍ ማንበቢያው፣ የነዳጅ ፔዳሉ፣ የአየር ፊልትሮ ቤቱ ከነአየር መለኪያ ሴንሰሩ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ያለበት የፊት ማርሚታ ቱቦ፣ ካምቢዮው ከነፍሪሲዮኑ፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞውና የነዳጅ ፓምፑ ከአንድ መኪና ይምጡ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፍ የሌለው ኮምፒውተር ሞተሩን ቢያዞረውም አያስነሳውም። ካምቢዮውን አብሮ መግዛት ውድ ይመስላል፤ ግን የ22አር ካምቢዮ ከዚህ ሞተር ጋር እንዲሁ አይገጥምም፣ አስማሚ በቶርኖ ማሠራትም ርካሽ አይደለም።

ከሃይስ የወረደ ሞተር ከቀረበላችሁ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን ቅርጽና የሞተር ጎማ መያዣዎቹን ከእናንተ ሻንሲ ጋር ለክታችሁ እንጂ በዓይን አይታችሁ አትግዙ።

የሞተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የሽያጭ ሰነድ በእጃችሁ ይሁን። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ አሮጌውን ከማውረዳችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ለውጡ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ። ይህን የዘለለ ሰው ችግሩን የሚያየው በቦሎ ሰሞን ወይም መኪናውን ሊሸጥ ሲል ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህ ያለውን መኪና ማደስ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል፤ ያለ ወረቀት የሚዞር ሞተርም አብሮ አለ።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ

መጀመሪያ የሲሊንደር ግፊት ይለካ። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ የአየር መዝጊያውን ፈታችሁ አንሱ፣ በሞተሪኖ አዙሩ። መለኪያው ከመመሪያ መጽሐፉ ያነሰ ቁጥር ቢያሳይ አትደንግጡ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ራሱ አነስተኛ ነው። የሚታየው የአራቱ ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ከበለጠ ሞተሩን ተዉት።

ቀጥሎ የቪቪቲው ልብ። በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ፊት ለፊት፣ ባለ ሁለት ፒን ሶኬት የተሰካበት፣ በአንዲት የ10 ቁልፍ ብሎን የተያዘ የዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ። ንቀሉት። በኦም መለኪያ ሲለካ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም ማሳየት አለበት። ከዚያ ባትሪ ለአፍታ ብቻ አስነኩት፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ዘንግ ጠቅ ብሎ መንቀሳቀስ፣ ሲለቀቅም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እየጎተተ ከሄደ ወይም መሃል ላይ ከቆመ ዝፍት የመሰለ የዘይት አተላ ይዞታል ማለት ነው፤ አጥባችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፣ አሁንም ከያዘ ቀይሩት። ዘይቱ በሚመጣበት ቀዳዳ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አትርሱ። በአተላ ከተደፈነች አዲስ ቫልቭም ዋጋ የለውም።

ይህን ሁሉ መሬት ላይ ማየት ያለባችሁ ቪቪቲው የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ግፊት ስለሆነ ነው። ዘንጉ አስቀድሞ በሚከፍትበት በኩል ከቀረ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል፤ አዘግይቶ በሚከፍትበት በኩል ከቀረ ደግሞ በደንብ ይነሳል፣ ዳገት ላይ ግን ይሞታል። ብዙ ሰው ይህንን ሁለተኛውን የነዳጅ ችግር ነው ብሎ ፓምፕ ሲቀያይር ይከርማል።

ማስቀመጥ

አሮጌውን ማውረድ የታወቀ ስለሆነ አንዘረዝረውም፤ የድሮውን የሽቦ ጥቅል ግን አትቁረጡ፣ የመብራቱና የዳሽቦርዱ መስመር ከእሱ ነው።

አዲሱን ከነካምቢዮው በሰንሰለት ማንሻ አንጠልጥላችሁ አስገቡ፣ ግን ምንም ነገር አትበይዱ። በእንጨት ደግፉትና ለኩ። ፋኑና ራዲያተሩ መካከል ቢያንስ 2.5 ሳ.ሜ.፣ የዘይት ማጠራቀሚያውና መስቀለኛው ብረት መካከል ቢያንስ 2 ሳ.ሜ. ይኑር፤ ሞተሩ ጎማው ላይ ሲወዛወዝ ይህችን ይፈልጋታል። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙራችሁ የመሪው ዘንግ የትም እንዳይነካ እዩ። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግና ወደ ዲፍረንሻሉ የሚገባው ዘንግ፣ ከጎን ሲታዩ፣ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ ሳይበልጥ ትይዩ ይሁኑ። የሞተር ጎማ መያዣዎቹን በነጥብ ብየዳ ያዙ፣ ሞተሩን መልሳችሁ አውጡ፣ ያኔ ሙሉውን በይዱ። ሞተሩ ላይ ሆኖ መበየድ ኮምፒውተርና ሴንሰር ያቃጥላል።

የካርዳን ዘንጉ ርዝመት የሚለካው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ሱስታው ላይ እያለ ነው። በክሪክ ተነስቶ የተለካ ዘንግ ያጥራል ወይም ይረዝማል። ቶርኖ ቤቱ ሲቆርጠውና ሲበይደው የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ይሁኑ፤ በጥቂት ዲግሪ እንኳን ከተዛነፉ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሚዛን ማስተካከልም አያድነውም።

ነዳጅ

የካርቡራተር ፓምፕ የሚገፋው በ0.3 ባር ገደማ ነው፤ ይህ ሞተር ወደ 3 ባር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ የወረደበትን መኪና ፓምፕ ከነግፊት መቆጣጠሪያው አሮጌው ታንክ ውስጥ ማስገባት የሚሻለው መንገድ ነው። ታንኩ ሊቆረጥ ወይም ሊበየድ ከሆነ ባዶ መሆኑ አያድንም፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ደጋግማችሁ በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ፣ እስከ መበየጃው ቦታ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ልምድ ላለው በያጅ ስጡ። ውስጡ ዝጎ ከሆነ ድካሙን ትታችሁ ሌላ ታንክ ፈልጉ፤ ዝገቱ የነዳጅ መርጫዎቹን ይደፍናል።

የድሮውን የጎማ ቱቦ በሙሉ አውጡ። ለ0.3 ባር የተሠራ ቱቦ በ3 ባር ሲፈነዳ ቤንዚኑን የሚረጨው የጋለ ማርሚታ ላይ ነው።

ሽቦ

ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ኮምፒውተሩን ካቢኔ ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ በባሕር ዳር ክረምት ወለል ምንጣፍ ሥር የተቀመጠ ኮምፒውተር ብዙ አይቆይም። ከድሮው መኪና ጋር የሚገናኙት መስመሮች ጥቂት ናቸው፦ ቋሚ ባትሪ፣ የቁልፍ ባትሪ፣ የማስነሻ ምልክት፣ የፍሬን መብራት ማብሪያ፣ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት፣ የፍጥነት ምልክት እና መሬት። የነዳጅ ፓምፑን ሪሌ ኮምፒውተሩ ይዘዘው እንጂ ከቁልፍ በቀጥታ አትስጡት፤ በግጭት ጊዜ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም መቆም አለበት።

የነዳጅ ካቮ የለም፤ ፔዳሉ በሽቦ ነው። ፔዳሉን በጠንካራ ሳህን ግድግዳው ላይ ካሰራችሁ በኋላ ሁለቱን የሴንሰር መስመሮች ለኩ። እግር ሳይነካው አንዱ ከ0.5 እስከ 1.1 ቮልት፣ ሌላው ከ1.2 እስከ 2 ቮልት ያሳያል። የአየር መዝጊያውን ምላስ ቁልፍ በርቶ እያለ በጣት አትግፉ።

የፍጥነት ምልክቱን ብዙ ኤሌክትሪሻን ይዘለዋል፣ አሮጌው መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በካቮ ስለሚሠራ። ኮምፒውተሩ መኪናው መቆሙን ካላወቀ ግን ፍሬን ይዛችሁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትቆሙ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ካምቢዮው ላይ ያለውን ሴንሰር ተጠቀሙ። ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ ሁለት ወፍራም የመሬት ሽቦ እሰሩ፣ ቀለሙን ፍቃችሁ።

የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ያለበትን ቱቦ ስፋት አትቀይሩ፤ ከእሱ በኋላ ያለች ስንጥቅም ያልተለካ አየር ታስገባለች። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ማርሚታው የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ሰው «ቪቪቲ ነዳጅ በላ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው።

ማቀዝቀዣ

በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቴርሞስታቱ የሚከፍተው 80 ላይ። መሃላቸው ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት፤ የሚያሰፋት የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። 1.1 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን መፍያውን ወደ 118 ዲግሪ ይወስደዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን አዲስ ራዲያተርን ከንቱ ያደርጋል። ለ22አር የተሠራውን ራዲያተር ተዉት፤ ወፈር ያለ ከነፋን መከለያው ግጠሙ፣ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በግማሽ ኩላንት ሙሉት።

ማስነሳት

1. ለዚህ ሞተር የተፈቀደ ውፍረት ያለው፣ ምንጩ የታወቀ ዘይት 5.5 ሊትር ገደማ ጨምሩ፣ መጨረሻውን በመለኪያው ዘንግ ወስኑ።
2. የነዳጁን ፊውዝ አውጡና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በ10 በ10 ሰከንድ አዙሩ።
3. ፊውዙን መልሱ፣ ቁልፍ አብሩ፣ የነዳጅ መስመሩን በሙሉ በእጅ ዳብሱ።
4. አስነሱ። የመጀመሪያው ሰከንድ መንኳኳት ዘይት እስኪደርስ ነው፤ ከቀጠለ አጥፉ፣ የካቴናው (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የሞተር ሰንሰለት) መወጠሪያ ነው።

ኮድ ማንበቢያ ሰክታችሁ እዩ። ፒ0011 ወይም ፒ0012 ካወጣ ወደ ዘይት ቫልቩና ወንፊቱ ተመለሱ። ፒ0016 ካቴናው ጥርስ ዘሏል ወይም ሲገጠም ምልክቱ ተስቷል ማለት ነው፤ አትንዱት። ፒ0171 ካወጣ ያልተለካ አየር የሚገባበትን ስንጥቅ ፈልጉ፣ ፒ0500 ያ የተዘለለው የፍጥነት ምልክት ነው።

ሙከራውን ባዶ መኪና ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አድርጉ፤ ጭነት ከዚያ በኋላ። ፍሬኑ ግን የድሮው 95 ፈረስ ጉልበት ፍሬን መሆኑን አትርሱ፤ ጫማውና የፍሬን ዘይቱ ሳይታደስ ዓባይ በረሃን አትውረዱ። የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፣ አዲሱ ዘይት የድሮውን አተላ እያጠበ ስለሚያወርድ። ያን ቀን ቫልቩን ደግማችሁ ንቀሉና ወንፊቷን እዩ።