ሽታ ፍለጋ ከውሻችሁ ጋር፦ ከሳሎን ካርቶን እስከ ውድድር

ውሻችን ቡቺ ዘጠኝ አመቷ ነው። የኋላ እግሯ መጋጠሚያ ያማታል፣ ሀኪሟ መዝለል ይቅርባት ካለን በኋላ እዚህ ሜሪላንድ ጠባቧ አፓርታማችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ በር በሩን እያየች ስትተክዝ አንጀቴን ትበላው ነበር። እኛ ሀገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ሌሊት ይጮሃል፣ ስራ አለው። እዚህ ግን ሶፋ ስር ነው የሚውለው፣ ስራ የፈታ ውሻ ደግሞ ወይ ጫማ ይበላል ወይ እንደ ቡቺ ይተክዛል። አሜሪካ ውስጥ የውሻ ስፖርት ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አጂሊቲ ነው፣ ያ መሰናክል እየዘለሉ የሚሮጡበት፣ እሱ ለሷ አይሆንም። እኛን ያወጣን ሴንት ወርክ ነው፣ አንዳንዱ ኖዝ ወርክ ይለዋል፣ ባጭሩ የሽታ ፍለጋ ውድድር ማለት ነው፣ ኤርፖርት የምታዩት አነፍናፊ ውሻ የሚሰራውን ስራ የቤት ውሻ ለጨዋታ ሲሰራው። አደንዛዥ እፅ የለ ፈንጂ የለ፣ የሚፈለገው ትንሽ ዘይት የነካ ጥጥ ነው።

የተጀመረው ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ፣ አነፍናፊ ውሻ ሲያሰለጥኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው ለቤት ውሻ ያመጡት፣ በ2017 ደግሞ አሜሪካን ኬነል ክለብ (ኤኬሲ የሚባለው) የራሱን ውድድር ጀመረ። አሮጌ ውሻ ይችላል፣ ፈሪ ውሻ ይችላል፣ ዘሩ ያልታወቀ ድቅልም ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ውሻ ብቻ ስለሆነ የሚገባው ሌላ ውሻ ሲያይ የሚደነግጥ ውሻ ያላችሁ ሰዎች በተለይ ይሄንን አስቡበት።

እሺ እንጀምር። መጀመሪያ ዘይት ምናምን አትግዙ። ኦንላይን ዕቃ ስታዙ የሚመጣውን ካርቶን ስድስት ሰባት አጠራቅሙ፣ መጠኑ ተቀራራቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሳሎን ወለል ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ በትኑት፣ አንዱ ውስጥ ብቻ ምግብ አድርጉ። ምግቡ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የተቀቀለ ዶሮ ወይ ቺዝ ይሁን፣ ከወጥ የወጣ ዶሮ ግን በጭራሽ እንዳትሰጡ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ አጥቤዋለሁ ብትሉም አትስጡ።

ውሻውን ራት ከመብላቱ በፊት አስገቡትና ልቀቁት። ከዛ ዝም በሉ። እውነቴን ነው፣ ከዚህ ስፖርት ሁሉ ከባዱ ነገር ይሄ ዝም ማለት ነው። "እዛ ጋ! ያቺን እያት!" እያላችሁ በጣት ካሳያችሁት ውሻው አፍንጫውን ትቶ ጣታችሁን መከተል ይለምዳል፣ ያንን ልማድ ማስተው ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሲያገኘው ሮጣችሁ ሂዱና እዛው ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ሶስት ፍሬ ጨምሩለት። ከእጃችሁ ሳይሆን ሽታው ካለበት ቦታ እንዲበላ ነው የምንፈልገው፣ ክፍያው ያለው እዛ መሆኑ አእምሮው ውስጥ መግባት አለበት። ሶስት አራት ዙር በቂ ነው፣ ገና "ጨምሩልኝ" እያለ አቁሙ። ምግብ የገባበትን ካርቶን ደግሞ በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ ሽታው ስለሚቀር ነገ ባዶ ነው ብላችሁ ብትደረድሩት ውሻው እውነቱን ይናገራል እናንተ ግን ተሳሳተ ትሉታላችሁ።

እኛ ይሄንን ስድስት ሳምንት ነው የሰራነው፣ መጀመሪያ ሳሎን፣ ከዛ መኝታ ቤት፣ ከዛ የህንፃው ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ። አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ሽታው። ኤኬሲ ላይ ጀማሪው (ኖቪስ የሚባለው ደረጃ) የሚፈልገው በርች የሚባል ዛፍ ዘይት ነው፣ ከፍ ስትሉ አኒስ የሚባል ቅመም ይጨመራል፣ ከዛ የኛው ቅርንፉድ፣ መጨረሻው ደረጃ ላይ ደግሞ ሳይፕረስ፣ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው። ለውድድር ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት ግዙ እንጂ ለመታሻ የሚሸጥ ቅልቅል አይሆንም። እኔ የማዘጋጀው እንዲህ ነው፦ ቡቺን መኝታ ቤት እዘጋባታለሁ፣ ጓንት አደርጋለሁ፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ መሀል ለመሀል በመቀስ እቆርጣለሁ፣ አንዲት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ጠብታ ዘይት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደርግና ጥጦቹን ጨምሬ ክዳኑን ጥርቅም። ጥጡ በዘይቱ መራስ የለበትም፣ ሽታውን ብቻ መጠጣት ነው ያለበት፣ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከዛ በኋላ ጥጡን በወረንጦ ነው የማነሳው፣ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አስገብቼ ቆርቆሮዋን ካርቶን ውስጥ አስቀምጣለሁ። በእጃችሁ ከነካችሁት በር እጀታውም ማሰሪያውም የውሻው ምግብ ከረጢትም በርች በርች ይሸታል፣ አለቀ፣ ልምምዱ ተበላሸ። ደሞ የበርች ዘይት ቢዋጥ ውሻን ይመርዛል፣ ስለዚህ ብልቃጡን ከፍ ያለ ቦታ፣ ከምግቡ በጣም አርቃችሁ።

መጀመሪያ ቆርቆሮዋና ምግቡ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ውሻው ምግብ ፍለጋ ሄዶ በርቹን አብሮ ይስባል። ጥቂት ሳምንት እንደዚህ ከሰራችሁ በኋላ ምግቡን አውጡና ሽታውን ብቻ ደብቁ፣ አፍንጫውን ቆርቆሮዋ ላይ እንዳደረገ በፍጥነት እዛው ክፈሉት። ያን ቀን ቡቺ ካርቶኗ ላይ ደርሳ ምግብ ስታጣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ተመልሳ አሸተተች፣ አሁንም አየችኝ፣ እኔም ዶሮውን አዘነብኩላት። ገባት። ከዛ በኋላ ወደኋላ ያለ የለም።

እዚህ ላይ ለኛ ቤቶች ብቻ የሚሆን ነገር ልበል። ቅርንፉድ እኛ ሻይ ውስጥ አለ። ቡቺን ቅርንፉድ ማስተማር ስንጀምር ሻይ በተፈላ ቁጥር ኩሽና መጥታ ምድጃው ጋ ቁጭ ትልና ታየኛለች፣ ስራዋን ሰርታ ክፍያ እየጠበቀች ነውኮ፣ እኔ ደግሞ ዝም እላታለሁ። ውሻ አስተምራችሁ ያገኘውን ዝም ስትሉት ያ ሽታ ዋጋ የለውም ብሎ ሊደመድም ይችላል። አሁን ሻይ ስናፈላ ሌላ ክፍል ትሆናለች፣ የቅመሙ ብልቃጥም ክዳኑ ጥብቅ የሚል ሆኗል። በርችም ቢሆን ያው ጉድ አለው፣ ሽታው ወገብና ትከሻ ሲያም ከሚቀባው ቅባት ጋር አንድ አይነት ነው፣ ሁለቱም ውስጥ ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ማታ ማታ ጉልበቷን ስትቀባ ቡቺ ከእግሯ ስር አልነሳ አለች፣ እማዬም "ይቺ ውሻ ወደደችኝ" ብላ ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ግን ልምምዱን ለዛ ሳምንት አቆምኩ። እናንተም ውድድር ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ ያለ ቅባት እንዳትነኩ።

አየር። ይሄንን ሳይረዱ ውድድር የሚገቡ ሰዎች ናቸው ውሻቸውን የሚወቅሱት። ሽታ የተቀመጠበት አይቆይም፣ በአየር ይሄዳል፣ ግድግዳ ይነካል፣ ጥግ ላይ ይከማቻል፣ ሞቅ ሲል ወደላይ ይወጣል። ይሄንን በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ እቤት ያለውን ዕጣን ተጠቀሙ፣ ውሻው ሳይኖር ማጨሻውን ቆርቆሮዋን የምትደብቁበት ቦታ አስቀምጡና ጭሱን ተከተሉት። እኔ እንደዛ ባደርግ ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስሎኝ ነበር፣ የማሞቂያው አየር ገፋው፣ በሶፋው ጀርባ አድርጎ መስኮቱ ጥግ ሄዶ ተኛ። ለካ ቡቺ ሁልጊዜ መስኮቱ ጥግ ሄዳ የምትደናገረው ለዚህ ነው። ሽታው እዛ አለ፣ ምንጩ ግን እዛ አይደለም። ዕጣኑ ከጨሰ በኋላ ቤቱን አናፍሱና ልምምዱን ለሌላ ቀን አድርጉት።

አሁን የናንተ ስራ፣ ውሻችሁን ማንበብ። ውሻ ሲያሸት በሰከንድ አምስት ጊዜ አካባቢ ነው አየር የሚስበው፣ ሲያስወጣ ደግሞ በአፍንጫው ጎን ባለው ስንጥቅ ስለሆነ ያወጣው አየር የሚያሸተውን አይበትንበትም። ሽታው ላይ ሲደርስ አካሉ ይለወጣል። ቡቺ በወንበሮች መሀል ስታልፍ አንገቷ በድንገት ወደኋላ ይዞራል፣ የሆነ ሰው ስሟን የጠራት ነው የሚመስለው። ከዛ አፏ ይዘጋል፣ ማለክለኳ ይቆማል፣ ትንፋሿ ፍጥን ፍጥን ይላል እሱንም ትሰሙታላችሁ፣ ጭራዋ ከስር ጠንከር ብሎ መወዛወዝ ይጀምራል። የናንተ ውሻ ሌላ ምልክት ይኖረዋል። በስልክ ቅረፁትና ማታ ደጋግማችሁ እዩት፣ እዛው ቆማችሁ ያላያችሁትን ታያላችሁ። የት እንዳለ ሳታውቁ መስራትንም ቶሎ ልመዱ፣ ባለቤታችሁ ወይ ልጆቻችሁ ይደብቁላችሁ፣ ምክንያቱም እናንተ ካወቃችሁ ሳይታወቃችሁ እዛው ጋ ስትደርሱ እርምጃችሁ ይቀንሳል፣ ውሻ ይሄን ያያል።

የመጀመሪያ ውድድራችን ላይ የወደቅነው በዚህ ነው። አሁን ድረስ ይቆጨኛል። አንድ ሣጥን ላይ ትንሽ ቆየት ስትል "እሱ ነው" ብዬ ቆምኩ፣ ቡቺ አልፋ ሄዳ ነበር፣ እኔ ስቆም ተመልሳ መጣች፣ ሣጥኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ቁጭ አለች። "አለርት!" አልኩ፣ አገኘች ማለት ነው። ዳኛዋ "ኖ" አለች። ሽታው ሁለት ሣጥን ወደፊት ነበር፣ ልትሄድበት የነበረው ማለት ነው። ከዛ በኋላ ህጌ አንድ ነው፦ እሷ እስክትቆም እኔ አልቆምም።

ለመወዳደር ውሻው ስድስት ወር መሙላት አለበት፣ ኤኬሲ ላይ የመመዝገቢያ ቁጥር ማውጣትም አለባችሁ፣ ድቅል ከሆነ ኬናይን ፓርትነርስ በሚባለው ፕሮግራም ይመዘገባል። አካባቢያችሁ ያለው ክለብ ውድድር ሲያዘጋጅ ፕሪሚየም ሊስት የሚባል ወረቀት ያወጣል፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ክፍያው፣ መመዝገቢያው የሚዘጋበት ቀን ሁሉ እዛ አለ፣ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ መዝጊያው ቀን ድረስ አትጠብቁ። አራት አይነት ፍለጋ አለ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ ውጪ፣ የተቀበረ። እኔ በሣጥኑ ጀምሩ እላለሁ፣ ሳሎን ስትሰሩት የከረማችሁት ስለሆነ። ጀማሪ ደረጃ ላይ አስር ሣጥን ይደረደራል፣ አንዱ ውስጥ ብቻ ነው በርች ያለው፣ ሁለት ደቂቃ አላችሁ። ውሻው ሲያሳያችሁ "አለርት" ትላላችሁ፣ ዳኛው የስ ወይ ኖ ይላል፣ ኖ ከሆነ ያ ዙር አለቀ። ሶስት ጊዜ ስታልፉ ለዛ አይነት ፍለጋ ማዕረግ ታገኛላችሁ፣ ቀጣዩ ደረጃ ይከፈትላችኋል። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ውሻውን ቤት ትታችሁ ሄዳችሁ በበጎ ፈቃድ አግዙ፣ ሰው ሁሌ ይፈልጋሉ፣ ሰዓት መያዝ ወይ ሣጥን መደርደር ብቻ ነው፣ እኔ ከክፍያ ትምህርት ይልቅ ከዛች ቀን ነው ብዙ የተማርኩት።

በእለቱ ቀድማችሁ ድረሱ። መጠበቁ ረጅም ነው፣ ውሻው ብዙውን ሰዓት መኪና ውስጥ ወይ ኬጅ ውስጥ ስለሆነ የሚያሳልፈው ጥላ ያለበት ቦታ ፓርክ አድርጉ፣ በሙቀት ግን መኪና ውስጥ ዘግታችሁ እንዳትሄዱ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት የሚሄድበት ቦታ አቆዩት፣ መፈለጊያው ቦታ ላይ ከሸና ዙሩ ይሰረዛል። ከፍለጋው በፊት ውሻው የሚሟሟቅባቸው ሽታ ያለባቸው ሣጥኖች ይኖራሉ፣ አንዴ ብቻ ያሽትትና ክፈሉት። የፍለጋ ሃርነሱን (ደረቱ ላይ የሚታሰረውን) በሩ ጋ ስትደርሱ ነው የምታደርጉለት፣ ለዚህ ስራ ብቻ የሚሆን ሃርነስ ይኑረው፣ ቡቺ የሷን ሰማያዊ ሃርነስ ስታይ ያ ሁሉ ተክዞ የነበረ ፊት እንዴት እንደሚበራ ብታዩ። ምግቡን ኪሳችሁ ውስጥ በደንብ ያዙ፣ ወለሉ ላይ እንዳይወድቅ፣ ከኋላችሁ የሚመጣው ውሻ ይቸገራል። እኛ ደግሞ ጠዋት እያነከሰች ከተነሳች የተከፈለው ብር ይቅር ብለን ቤት ነው የምንቀረው።

በሁለተኛው ውድድር ሰባተኛው ሣጥን ላይ አንገቷ ዞረ፣ አፏ ተዘጋ፣ እኔ መራመዴን ቀጠልኩ፣ ማሰሪያው እስኪወጠር ድረስ ሄድኩ፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። "አለርት" አልኩ፣ ድምፄ ተንቀጥቅጧል። "የስ!"። 31 ሰከንድ። እዛው ሣጥኑ ላይ ተንበርክኬ ዶሮውን በሙሉ ሰጠኋት።