ከደብረ ማርቆስ እስከ ዘጌ፦ የጎጃምን ታሪካዊ ስፍራዎች በሰዓታቸው እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ጎጃም ድረስ ሄዶ የተዘጋ በር አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ጥቂት አይደለም። ሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ቁልፍ የያዙት አባት ወይ ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ ወይ ማሳቸው ላይ። በዚህ ማንም አይወቀስም። የጎጃም ጥንታዊ ስፍራዎች አብዛኞቹ ዛሬም አገልግሎት ላይ ናቸው፤ ይቀደስባቸዋል፣ ቅኔ ይቆጠርባቸዋል፣ ገበያ የሚሄድ ሰው ይሻገርባቸዋል። የሥራ ሰዓታቸው በደጃፋቸው ላይ አልተለጠፈም እንጂ አለ። ጉዞው ከመኪና በፊት በቀን መቁጠሪያ የሚጀመረው ለዚህ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ለመላው ጎጃም የሚስማማው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ ያባራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ጢስ ዓባይ ደግሞ የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሰም። በበጋው ከወንዙ ውሃ ብዙው ለኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ፏፏቴው በጣም ይሳሳል፤ መጋቢት ላይ ሄዳችሁ በፎቶ ያያችሁትን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ የሳምንቱን ቀን አስቡ። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በጾም ወራት የሥራ ቀናት ቅዳሴው እኩለ ቀን አካባቢ ገብቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በጾም ቀን ጠዋቱ የእናንተ ነው፤ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በሰላም ታያላችሁ። እሑድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ከሦስት ሰዓት በፊት አትድረሱ። ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ያወቀ ጎብኚ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያያል።

የክብረ በዓል ቀንስ? ሚያዝያ 30 ቅዱስ ማርቆስ በደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በዘጌ ኡራ ይነግሣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በእነዚህ ቀናት ባትሄዱ እመክራለሁ፤ ሥዕሉንም ሕንጻውንም በሕዝብ ብዛት አታዩትም። ሁለተኛ ስትመለሱ ግን ከዋዜማው ጀምራችሁ ማኅሌቱን ቁሙ። ያን ሌሊት የሚተካ ሌላ ጉብኝት የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ በዚያው ሰሞን ከተጓዙ ሰዎችና ከምታርፉበት ሆቴል ደውላችሁ አጣሩ። ያለፈው ወር ወሬ ለዚህ ወር አይሠራም።

ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገድ ላይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርዱ አትቸኩሉ፤ ከታች የቆየው ድልድይና እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ።

ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ንጉሡ ቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ ሲባሉ፣ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። በዐድዋም የጎጃምን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ይህን አውቃችሁ ወደ ቅጥሩ ስትገቡ የምታዩት ሕንጻ ብቻ አይሆንም፤ ጎጃም በራሱ ንጉሥ የኖረበትን ዘመን ታያላችሁ።

እዚህ ላይ የጣሊያንን ዘመንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ወራሪው በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ፣ ጦሩንም አሰፈረባት፤ ገጠሩ ግን ሳይገዛለት ቀረ። በላይ ዘለቀን የመሳሰሉ አርበኞች አምስቱንም ዓመት ዕረፍት አልሰጡትም። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ የተቀበሏቸውም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ፣ በጠላት ዘመን ከጣሊያን ጋር የቆዩት። በአንድ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲገናኝ ከጽሑፍ ይልቅ ከሰው መስማት ይሻላል። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አካባቢ የሚቀመጡ አባቶች አሉ። ቀርባችሁ እጅ ንሡ፣ «እንዴት አደሩ አባቴ» በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁ ንገሯቸው፣ ከዚያ ስለ መንቆረር ጠይቁ። በጥያቄ ላይ ጥያቄ አትደርቡ፤ የጎጃም ሽማግሌ ወሬውን በራሱ መንገድ ሲያመጣው ነው የሚጣፍጠው።

ማታው ይበርዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ።

ግሽ ዓባይ

አንድ ቀን የተረፋችሁ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከቲሊሊ ታጥፋችሁ ሰከላ ግቡ። ስፔናዊው የካቶሊክ (ኢየሱሳዊ) ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ያዩት የዓባይ ምንጭ እዚያ ነው። ምንጩ ትንሽ ነው፤ ታላቅ ነገር ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ቅር ይላችኋል። ለአካባቢው ሰው ግን ጠበል ነው፤ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ጥር 13 በብዙ ሕዝብ ይከበርበታል። ሳትበሉ በጠዋት ሂዱ፤ ጠበል በባዶ ሆድ ነውና።

የአላታ ድልድይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ፏፏቴውን አይተው ድልድዩን ያልፉታል። የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ በዓባይ ላይ ተሠራ። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው። ከከተማው ወደ ፏፏቴው ማያ የሚወስደው የእግር መንገድ በዚሁ ድልድይ ላይ ስለሚያልፍ ዙሪያ መሄድ አያስፈልግም፤ መቆም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ወደ ዳር ወረድ ብላችሁ ቅስቱን ከጎን ተመልከቱ። የተጫነ አህያ ሲያልፍበት ካያችሁ ደግሞ አራት መቶ ዓመት የሆነው ድልድይ ዛሬም ሥራውን እንዳልተወ ትረዳላችሁ። ቁልቁለቱ ጭቃ ሲኖረው ያንሸራትታል፤ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ።

ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት

ጊዜያችሁን የምትሰጡት እዚህ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወደቡ ወደ ገዳሙ የሚያወጣው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ።

ሴቶች ወደ ኡራና ወደ አዝዋ ማርያም ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንዶች ብቻ ናቸው። ቤተሰብ ይዛችሁ ስትወጡ ይህን ለጀልባው ነጂ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ካልሲ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እግራችሁ ያመሰግናችኋል።

ስትገቡ ወዲያው ወደ ሥዕሉ አትሂዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ይጠብባል። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐል ላይ ይቆማል፤ ግድግዳውም ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ የተለጠፈ ስለሆነ ከቅርብ ስታዩት የጨርቁ ጠርዝ የተነሣበት ቦታ ታገኛላችሁ። እጃችሁን አታስነኩት።

ከዚያ ፊቶቹን ተመልከቱ። ጻድቁ፣ ሰማዕቱ፣ መልአኩ ሁለት ዓይኑ እየታየ ወደ እናንተ ዞሮ ተሥሏል። ከሃዲው፣ ገራፊውና ሰይጣኑ ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ሕግ ከያዛችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ማን የማን ወገን እንደሆነ ትለያላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ በዚህ ጀምሩላቸው፤ ግድግዳውን በሙሉ ራሳቸው ያነቡታል።

አንድ ሥዕል ብቻ መምረጥ ቢኖርብኝ በላዔ ሰብን እመርጣለሁ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ የዳነበት ታሪክ ነው። በጎጃም ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በሥዕሉ ላይ ሚዛኑን ፈልጉ፤ በአንዱ ወገን ያ ሁሉ ደም፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ ናት። የአገሩ ሰው ለማያውቀው እንግዳ እንኳ ውሃ አልከለክልም የሚልበትን ምክንያት እዚያ ታገኙታላችሁ።

በቅጥሩ ያለው ዕቃ ቤት ዘውድና የብራና መጻሕፍት ይዟል፤ እንዲታያችሁ ጠባቂውን አባት ጠይቁ። ብራናውን እሳቸው ይገልጡታል፣ እናንተ አትንኩ። ፎቶ ማንሳት ካስፈቀዳችሁ ፍላሹን አጥፉ፤ ቀለሙን ብርሃኑ ይጎዳዋል። የመግቢያውን ገንዘብ በደረሰኝ ክፈሉ፤ ሥዕሉ የሚጠበቀው፣ ጣሪያው የሚጠገነው ከእሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ማዕበሉ ይጠነክራል። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከተነሳችሁ እስከ ስድስት ሰዓት ተመልሳችሁ ወደብ ላይ ትሆናላችሁ። የደኅንነት ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፤ ከሒሳቡም ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ።